እንግሊዝ ዌልስን ትቀልባታለች? ስለ ዌልስ ነፃነት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ካርዲፍ ነው። ልጆቻችን በትምህርት ቤት ዌልሽ ይማራሉ። የሥራ ባልደረቦቼ ስለ ዌልስ ነፃነት ሲከራከሩ ግማሾቹ ‹እንግሊዝ ባትቀልባት ዌልስ አንድ ወር አታድርም› ይላሉ። ግማሾቹ ደግሞ ‹ውሃችንንና መብራታችንን እየወሰዱ ድሃ ያደረጉን እነሱ ናቸው› ይላሉ። ማንኛው ነው ትክክል? በእርግጥስ ትገነጠላለች? ብትገነጠል የእኛ የመኖሪያ ፈቃድና የከፈልነው የጡረታ መዋጮ ምን ይሆናል?»

ምላሽ፦

በቅርብ ዓመታት ትገነጠላለች ለማለት የሚያበቃ ነገር የለም። ይህን የምለው ግን ባልደረቦችዎ በሚከራከሩበት በገንዘቡ ምክንያት አይደለም። ከገንዘቡ በፊት የሚታለፍ የሕግ በር አለ፤ ቁልፉ ያለው ለንደን ነው። ስለዚህ ከሕጉ ልጀምር። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ መገንጠል ሲወራ የኛ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው አንቀጽ 39 ነው። አንቀጹን ይደግፉትም ይቃወሙትም መንገዱ ተጽፎ ተቀምጧል፦ የብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናል፣ የፌዴራል መንግሥቱ በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያዘጋጃል፣ በአብላጫ ድምፅ ከተደገፈ ሥልጣን ያስረክባል፣ ንብረቱም በሕግ ይከፋፈላል። ለዌልስ እንዲህ ያለ አንቀጽ የለም። በብሪታኒያ መውጫ በሩ በሕግ የተጻፈለት የሰሜን አየርላንድ ብቻ ነው። በ1998 በወጣው ሕግ መሠረት አብዛኛው ሕዝብ ከአየርላንድ ጋር መዋሐድ የሚፈልግ ከመሰለ የለንደኑ ሚኒስትር ሕዝበ ውሳኔ የመጥራት ግዴታ አለበት፤ በአንዱና በሚቀጥለው መካከልም ቢያንስ 7 ዓመት ማለፍ አለበት። ዌልስና ስኮትላንድ ይህ የላቸውም።

የዌልስ ፓርላማ፣ በራሳቸው አጠራር ሴኔድ፣ ሥልጣኑ ሁሉ የሚቀዳው ዌስትሚንስተር፣ ማለትም የለንደኑ ፓርላማ፣ ካወጣው የ2006 የዌልስ መንግሥት ሕግ ነው። ሕጉ በ2017 ሲሻሻል ለለንደን ብቻ የተተዉ ጉዳዮች በዝርዝር ተጻፉ። ከዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ከተቀመጡት አንዱ የዌልስና የእንግሊዝ አንድነት ነው። ስለዚህ ሴኔድ በራሱ ተነሥቶ የነፃነት ሕዝበ ውሳኔ የሚጠራ ሕግ ማውጣት አይችልም። ይህ የእኔ ግምት አይደለም፤ ስኮትላንድ ተመሳሳይ ነገር ሞክራ የብሪታኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኅዳር 23 ቀን 2022 አይቻልም ብሎ ወስኖባታል። የስኮትላንድ ሕግ ለብሪታኒያ ኅብረት የሚጠቀምበት አባባል ከዌልሱ ጋር እጅግ ይቀራረባል።

ታዲያ የቀረው መንገድ ስኮትላንድ በ2012 የሄደችበት ነው። ሁለቱ መንግሥታት ይስማማሉ፤ ለንደን ሥልጣኑን በጊዜያዊ ትእዛዝ ታውሳለች፤ ሕዝበ ውሳኔውን የሚመራውን ሕግ የአገሬው ፓርላማ ያወጣል። ለዌልስ ይህን የሚፈቅደው የ2006ቱ ሕግ ክፍል 109 ነው። ትእዛዙን ሁለቱ የዌስትሚንስተር ምክር ቤቶችም ሴኔድም ማጽደቅ አለባቸው። በስኮትላንድ ስምምነቱ የተፈረመው ጥቅምት 15 ቀን 2012፣ ድምፅ የተሰጠው መስከረም 18 ቀን 2014 ነበር። 84.6 በመቶ መራጭ ወጥቶ 55.3 በመቶው «አይሆንም» አለ። «ይሁን» ቢል ኖሮ የስኮትላንድ መንግሥት ነፃነቱን ለመጋቢት 2016 ቀጥሮት ነበር፤ ለ300 ዓመታት የተጋመደ ነገር በ18 ወር ሊፈታ። በእኔ እይታ ይህ ቀጠሮ ከመጀመሪያውም የሚሆን አልነበረም።

በዚህ መንገድ ላይ የሚበላሸው ምን እንደሆነ ስኮትላንድ አሳይታለች። ነፃነት ፈላጊ ፓርቲ ምርጫ ያሸንፋል፣ «ሕዝቡ ውክልና ሰጥቶኛል» ይላል፣ ለንደን «ጊዜው አይደለም» ትላለች፤ ከዚያ ነገሩ ይቆማል። በ2017ም በ2020ም ጥያቄው እምቢ ተብሏል። እምቢታውን በቀነ ገደብ የሚያስር ሕግ የለም። ለዚህ ነው በዌልስ የምርጫ ውጤት ብቻውን ነፃነትን አያመጣም የሚባለው። የነፃነት አቀንቃኙ ፕላይድ ከምሪ ራሱ ለ2026ቱ የሴኔድ ምርጫ ሲዘጋጅ በመጀመሪያው የሥልጣን ዘመኑ ሕዝበ ውሳኔ እንደማይጠራ በመሪው ሩን አፕ ዮርወርዝ አንደበት አስታውቋል። ቁልፉ የት እንዳለ ያውቃሉና።

ዌልስ ከስኮትላንድ ይልቅ የሚከብዳት ሌላም ነገር አለ፤ በክርክሩ ውስጥ ግን እምብዛም አይነሣም። ስኮትላንድ በ1707 ስትዋሐድ የራሷን ፍርድ ቤትና ሕግ ይዛ ነው። ዌልስን ግን የሄንሪ 8ኛ ሕጎች በ1536 እና በ1543 ሙሉ በሙሉ ወደ እንግሊዝ የሕግ ሥርዓት ጨመሯት። እስከ ዛሬ «እንግሊዝና ዌልስ» አንድ የዳኝነት ክልል ናቸው። ፖሊሱ፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ፍርድ ቤቱ፣ እስር ቤቱ ከለንደን ነው የሚተዳደሩት። በዌልስ ምድር አንድም የሴቶች እስር ቤት የለም፤ የተፈረደባት ሴት ወደ እንግሊዝ ትላካለች። ነፃ አገር በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ፍርድ ቤት ያስፈልጋታል። በሎርድ ቶማስ የተመራው ኮሚሽን በጥቅምት 2019 ፍትሕ ወደ ካርዲፍ ይዛወር ብሎ መክሯል። ዋናው ነገር እስካሁን አልተፈጸመም። ስለዚህ አንድ ሰው የዌልስ ነፃነት ምን ያህል እንደቀረበ ማወቅ ከፈለገ፣ ሰልፉን ከሚቆጥር ፖሊስና ፍርድ ቤት ወደ ካርዲፍ መምጣት አለመምጣታቸውን ቢከታተል ይሻላል። ያለ እነሱ የሚደረግ ሕዝበ ውሳኔ መሠረት ሳይጣል ጣሪያ እንደማዋቀር ነው።

ወደ ታሪኩ ለአፍታ ልሂድ፤ ያለ እሱ የባልደረቦችዎ ቁጣ አይገባም። በሰሜን ዌልስ፣ ባላ አጠገብ፣ ካፔል ኬሊን የሚባል ዌልሽ ተናጋሪ መንደር ነበር። የሊቨርፑል ከተማ ሸለቆውን ለውሃ ፈልጎ በ1957 በዌስትሚንስተር ሕግ አስወጣ። ከ36ቱ የዌልስ የፓርላማ አባላት አንድም ደግፎ ድምፅ አልሰጠም፤ ሕጉ ግን አለፈ። በ1965 መንደሩ ከነትምህርት ቤቱና ከነጸሎት ቤቱ ውሃ ውስጥ ገባ። በመንገድ ዳር ግድግዳ ላይ «ትረወርንን አስታውሱ» የሚል ጽሑፍ አይተው ከሆነ፣ ትረወርን የዚያ ሸለቆ ስም ነው። በዓመቱ፣ በሐምሌ 1966፣ ግዊንፎር ኢቫንስ በካርማርዘን አሸንፎ የፕላይድ ከምሪ የመጀመሪያው የፓርላማ አባል ሆነ።

ሆኖም ቁጣ ወዲያው ድምፅ አልሆነም። በ1979 ትንሽ ሥልጣን ያለው ምክር ቤት ይቋቋም ወይ ተብሎ ሲጠየቅ 79.7 በመቶው «አይቋቋም» አለ። በ1997 ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብ 50.3 በመቶ ደገፈው፤ ልዩነቱ 6,721 ድምፅ ብቻ ነበር። በ2011 ምክር ቤቱ ሙሉ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ያግኝ ወይ ሲባል 63.5 በመቶ ተስማማ። ለነፃነት የሚደረገው ድጋፍ ግን ሌላ ነገር ነው። በአስተያየት መለኪያዎች ላይ ሲዋዥቅ ኖሮ በ2021 አካባቢ፣ በኮቪድ ጊዜ፣ «አላውቅም» ያሉት ሲቀነሱ ወደ 40 በመቶ ተጠግቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ከወጣቱ ዘንድ ይበዛል፣ ከጡረተኛው ዘንድ ያንሳል።

አሁን ወደ ገንዘቡ።

«እንግሊዝ ትቀልባታለች» የሚለው ሰው በአእምሮው የያዘው የበጀት ጉድለቱን ነው። ከኮቪድ በፊት በነበሩት ዓመታት በዌልስ የሚሰበሰበው ግብርና ለዌልስ የሚወጣው ወጪ ሲነጻጸር ወደ 13 ቢሊዮን ተኩል ፓውንድ ገደማ ይጎድል ነበር። ይህ በነፍስ ወከፍ ወደ 4,300 ፓውንድ፣ ከአገር ውስጥ ምርቱ ደግሞ 18 በመቶ አካባቢ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለአባሎቹ ያስቀመጠው ጣሪያ 3 በመቶ መሆኑን ሲያስቡት ቁጥሩ ያስደነግጣል። ነገር ግን ቁጥሩ እንዴት እንደተሠራ ሳያዩ መደንገጥም መናቅም አይጠቅምም።

ወጪው ከሦስት ዓይነት ነገር የተሠራ ነው። አንደኛው የዌልስ መንግሥትና የአካባቢ ምክር ቤቶች የሚያወጡት ነው፤ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ መንገድ፣ ቆሻሻ ማንሣት። ሁለተኛው ለንደን በቀጥታ ለዌልስ ነዋሪዎች የምትከፍለው ሲሆን ከሁሉ የሚከብደው የመንግሥት ጡረታ ነው። ሦስተኛው በዌልስ ምድር የማይወጣ፣ ግን «ለዌልስም ጭምር ነው» ተብሎ በሕዝብ ብዛት ተካፍሎ የሚጻፍባት ነው፤ መከላከያ፣ ኤምባሲ፣ የብሪታኒያ ዕዳ ወለድ። በገቢው በኩልም የገቢ ግብር ከነዋሪው አድራሻ ስለሚታወቅ ይቀላል፤ የኩባንያ ትርፍ ግብርና ቫት ግን በግምት ነው የሚከፋፈሉት።

በ2022 የደብሊን ሲቲ ዩኒቨርሲቲው ጆን ዶይል ለፕላይድ ከምሪ ባጠናው ጥናት ጉድለቱ 2.6 ቢሊዮን ፓውንድ፣ ከምርቱ 3.4 በመቶ ገደማ ይሆናል አለ። ያው አገር፣ ያው ሕዝብ፤ አንዱ 13 ሌላው 2.6። ሰዎች አንዱ ውሸታም ነው ብለው ይደመድማሉ። ሁለቱም አልዋሹም፤ የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ዛሬ በኅብረቱ ውስጥ ገንዘቡ እንዴት እንደሚፈስ ይነግርዎታል። የዶይል ቁጥር ደግሞ ድርድሩ በተወሰነ መንገድ ካለቀ ነፃ ዌልስ ስንት ይዛ ትነሣለች የሚል ነው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ለመድረስ እስካሁን የተጠራቀመውን ጡረታ ለንደን ትክፈል፣ የዕዳውን ወለድ ዌልስ አትሸከም፣ መከላከያው ይቀንስ እያሉ ማስወጣት ያስፈልጋል።

እያንዳንዷ ማስወጫ ድርድር ናት። በእኔ ግምገማ በጣም የላላችው የጡረታዋ ናት። የሚቀርበው ክርክር ይህ ነው፦ ለብሪታኒያ ናሽናል ኢንሹራንስ፣ ማለትም ከደመወዝ ለሚቆረጠው የጡረታ መዋጮ፣ የከፈለ ሰው ስፔን ሄዶ ቢኖርም ጡረታው ይላክለታል፣ ታዲያ ካርዲፍ ለሚኖረው ለምን አይላክም? በወጉ የተያዘ ክርክር ነው። ነገር ግን የመንግሥት ጡረታ የተጠራቀመ ፈንድ የለውም፤ የዛሬው ሠራተኛ የዛሬውን ጡረተኛ ነው የሚከፍለው። ስኮትላንድ በ2013 ባወጣችው የነፃነት ሰነድ ላይ ራሷ በስኮትላንድ ለሚኖሩ ጡረተኞች እኔ እከፍላለሁ ብላለች። አንዷ የተቀበለችውን ሌላዋ እምቢ ብላ ለንደንን ማሳመን ከባድ ነው፤ በተለይ ከሕዝቧ 21.3 በመቶው ዕድሜው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆነ አገር።

ዕዳው ግን ከሚመስለው በላይ ክፍት ነው። በጥር 2014 የብሪታኒያ ግምጃ ቤት፣ ስኮትላንድ ብትወጣም እስከዚያ ቀን ለተሸጠው ቦንድ ሁሉ በአበዳሪዎች ፊት ተጠያቂው እኔ ነኝ ብሎ አረጋግጧል። ይህም ተገንጣዩ ለአበዳሪው ሳይሆን ለለንደን ነው የሚከፍለው ማለት ነው፤ ስንት የሚለው ደግሞ በጠረጴዛ ላይ ይወሰናል። አየርላንድ በ1921ቱ ውል የዕዳ ድርሻዋን ልትሸከም ተስማምታ ነበር። በ1925 የሰሜኑ ድንበር ባለበት እንዲቆይ ስትስማማ ያ ግዴታ ተነሣላት፤ ማለትም ዕዳው በድንበር ተለወጠ። በሕዝብ ብዛት ቢሰላ ግን የዌልስ ድርሻ 4.6 በመቶ ገደማ ነው። የብሪታኒያ ዕዳ ከ2.5 ትሪሊዮን ፓውንድ በላይ ስለሆነ ከ115 ቢሊዮን የሚበልጥ ይደርሳታል። ይህም ከዓመታዊ ምርቷ ይበልጣል።

ጉድለቱ ከየት መጣ ለሚለው፣ ዋናው ምክንያት ወጪው መብዛቱ አይደለም። ለአንድ ሰው የሚወጣው ከብሪታኒያ አማካይ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ትልቁ ክፍተት ያለው በገቢው ነው። በነፍስ ወከፍ የሚመረተው ከብሪታኒያ አማካይ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ከፍተኛ ግብር የሚከፍሉ ባለጸጎች ጥቂት ናቸው፤ የድንጋይ ከሰሉ ጉድጓዶች ተዘግተዋል። በፖርት ታልበት የብረት ማቅለጫው የመጨረሻው ምድጃ በመስከረም 2024 ጠፍቷል። እዚህ ላይ ሁለተኛው ወገን «ታዲያ ይህን ያደረገው ማን ነው?» ብሎ ይገባል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ጉድለት ማለት የኅብረቱ ውጤትም ጭምር ነው። ብቻ ምክንያቱን ማወቅ ቀዳዳውን አይደፍነውም፤ ሐኪሞቹና መምህራኑ በወሩ መጨረሻ ደመወዝ ይፈልጋሉ።

ከለንደን የሚመጣው ገንዘብ እንዴት እንደሚሰላ ማወቅም ይጠቅማል፤ «መቀለብ» የሚለው ቃል የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ቀመሩ በባርኔት ስም ይጠራል። እንግሊዝ ውስጥ ለዌልስ በተላለፈ ዘርፍ ወጪ ሲጨምር ዌልስ በሕዝቧ ልክ ድርሻ ታገኛለች። ለምሳሌ የእንግሊዝ ጤና በጀት በ1 ቢሊዮን ፓውንድ ቢጨምር፣ የዌልስ ሕዝብ ከእንግሊዝ ሕዝብ 5.5 በመቶ ገደማ ስለሆነ 55 ሚሊዮን ይደርሳታል። በ2016ቱ ስምምነት መሠረት በዚያ ላይ 5 በመቶ ስለሚታከልበት ወደ 58 ሚሊዮን ይሆናል። የዌልስ የነፍስ ወከፍ በጀት ከእንግሊዝ 115 በመቶ እስኪወርድ 5 በመቶው ይታከላል፤ ከዚያ በኋላ ወለሉ 115 ላይ ይጸናል። ቀመሩ ድህነቷን አይቶ አይሰጥም፤ የእንግሊዝን ወጪ ተከትሎ ነው የሚሄደው።

የባቡሩ ቅሬታ የሚነሣውም ከዚሁ ነው። ከለንደን ወደ በርሚንግሃም የሚሠራው ፈጣን የባቡር መስመር፣ ኤችኤስቱ፣ አንድም ሐዲድ በዌልስ ምድር ላይ አይጥልም። የባቡር መሠረተ ልማት ለዌልስ ስላልተላለፈ ግን «የእንግሊዝና የዌልስ» ፕሮጀክት ተብሎ ተመዘገበ፤ የዌልስ ድርሻም ዜሮ ሆነ። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ ግን ድርሻቸውን ያገኛሉ። በሰኔ 2025 ለንደን ለዌልስ ባቡር በ10 ዓመት የሚከፈል 445 ሚሊዮን ፓውንድ አስታውቃለች፤ ቅሬታውን ግን አላበረደውም። የባሕር ወለሉም እንዲሁ ነው። የንፋስ ተርባይን የሚተከልበትን የባሕር ወለል ኪራይ የሚሰበስበው ክራውን ኢስቴት ለስኮትላንድ በ2017 ተላልፏል፤ ለዌልስ ግን አልተላለፈም። ይህ ኅብረቱን የሚደግፉ ዌልሳውያን ሳይቀሩ የሚስማሙበት ቅሬታ ነው። እንደኔ የነፃነት ወገን ካሉት ክርክሮች ሁሉ የጠነከሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ጉዳቸው ግን ሁለቱንም ሳይገነጠሉ ማስተካከል ይቻላል።

ውሃውና መብራቱ ይህን ያህል አያስኬዱም። በዌልስ ካለው ከኤላን ሸለቆ ወደ እንግሊዟ በርሚንግሃም 118 ኪሎ ሜትር የሚወርድ መስመር ከ1904 ጀምሮ ውሃ ያደርሳል፤ ያለ ፓምፕ፣ በከፍታው ልዩነት ብቻ። ውሃ ግን እንደ ነዳጅ በመርከብ ተጭኖ ውድ ለከፈለ አይሸጥም፤ በዚያ ቧንቧ ጫፍ ላይ ያለው ገዢ አንድ ብቻ ነው። ዋጋው ቢጨምር እንኳ ቢሊዮኖችን አይደፍንም። ዌልስ ከምትጠቀመው በላይ መብራት ታመነጫለች የሚለውም እውነት ነው። ነገር ግን ትልቁ ማመንጫ፣ 2,200 ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጨው የፔምብሮክ ጣቢያ፣ በጋዝ ነው የሚሠራው፤ ትርፉም የባለቤቱ የጀርመን ኩባንያ ነው። መንግሥት ከዚያ የሚያገኘው ግብሩን ነው።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የደመወዝ ወረቀትዎን ይመልከቱ፤ የታክስ ኮድዎ «ሲ» በሚለው የላቲን ፊደል ይጀምራል። የዌልስ ግብር ከፋይ ነዎት ማለት ነው። ከሚያዝያ 2019 ጀምሮ በእያንዳንዱ የገቢ ግብር ደረጃ ከአንድ ፓውንድ ላይ 10 ሳንቲሙን የሚወስነው ሴኔድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንዲት ሳንቲም ከፍም ዝቅም ሳያደርጋት ኖሯል። በእጁ ያለውን መዘውር ለማዞር የሚያመነታ ፖለቲካ ስለ ትልቁ ነገር ሲናገር ይህንን ማስታወስ አይከፋም።

ከጉድለቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የገንዘቡ ዓይነትና ድንበሩ ነው።

ነፃ ዌልስ በምን ትገበያያለች? ከለንደን ጋር ተስማምቶ ፓውንድን በጋራ መያዝ አንድ ምርጫ ነው። በየካቲት 2014 ሦስቱ ትልልቅ የለንደን ፓርቲዎች ይህን ለስኮትላንድ አንድ ላይ እምቢ ብለዋል። ሳይስማሙ ፓውንድን ዝም ብሎ መጠቀም ይቻላል፤ የሚከለክል የለም። ችግሩ ባንክ ሲናጋ ደርሶ የሚያበድር ማዕከላዊ ባንክ አይኖርም፤ መንግሥት ሲጎድልበትም ራሱ በማያትመው ገንዘብ ተበድሮ መሙላት አለበት። ጉድለቱ ሰፊ ለሆነ አገር ይህ አደገኛ ጥምረት ነው። ሦስተኛው የራስን ገንዘብ አትሞ ለተወሰኑ ዓመታት ከፓውንድ ጋር አንድ ለአንድ ማሰር ነው። አየርላንድ ከ1928 እስከ 1979 እንዲህ አድርጋ ኖራለች። ለእኔ የሚታመነው ይህ ነው፤ ግን የውጭ ምንዛሪ ክምችትና እጅግ የተቆጠበ በጀት ይጠይቃል።

በጋራ ገንዘብ ልኑር ብሎ መለያየት ምን ያህል እንደሚዘልቅ ሁለት ምሳሌ በቂ ነው። ቼክና ስሎቫኪያ በጥር 1993 ሲለያዩ ኮሩናውን አብረው ሊይዙ ተስማምተው ነበር። ሰዉ ገንዘቡን ወደ ፕራግ ባንኮች ማሸሽ ስለጀመረ ስምምነቱ ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላም፤ አዲስ ኖት እስኪታተም በአሮጌው ላይ ቴምብር ለጥፈው አሳለፉት። ኤርትራ ከ1993 እስከ ኅዳር 1997 በብር ተጠቅማ ናቅፋን ስታወጣ የሁለቱ አገሮች ንግድ በምን ይከፈል የሚለው ጥያቄ ምን እንዳስከተለ ለእኛ አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

የድንበሩ ነገር በአውሮፓ ኅብረት ላይ ይንጠለጠላል። ነፃ ዌልስ ከእንግሊዝ ጋር በአንድ የጉምሩክ ሥርዓት ከቆየች በድንበሩ ከተማ ቼፕስቶው ላይ የሚያስቆምዎ የለም። ወደ አውሮፓ ኅብረት ከተመለሰች ግን ከእንግሊዝ ጋር ያላት 257 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ድንበር የኅብረቱ የውጭ ድንበር ይሆናል፤ የጭነት መኪና ይፈተሻል፣ ወረቀት ይጠየቃል። ከዌልስ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ከድንበሩ በ40 ኪሎ ሜትር ውስጥ ይኖራል። ዌልስ ከውጭ ጋር ከምትነግደው ትልቁ ድርሻ ከቀረው ብሪታኒያ ጋር ነው። በሰሜን ምሥራቅ ዌልስ የሚኖር በሽተኛ በእንግሊዟ ቼስተር ይታከማል። ከካርዲፍ ወደ ሆሊሄድ በባቡር ሲሄዱ እንኳ በእንግሊዟ ሽሩዝበሪ በኩል ነው የሚያልፉት። በ2016ም 52.5 በመቶ የዌልስ መራጭ ከአውሮፓ እንውጣ ብሏል፤ ስለዚህ «ነፃነት በአውሮፓ ውስጥ» የሚለው መፈክር ሁለት የማይገጥሙ ድምፆችን አንድ ላይ ማሰር አለበት።

በላውራ ማካሊስተርና በቀድሞው ሊቀ ጳጳስ በሮዋን ዊሊያምስ የተመራው የሕገ መንግሥት ኮሚሽን በጥር 2024 ይህን ሁሉ አይቶ ሦስት መንገድ አስቀምጧል፦ የተጠናከረ ራስ ገዝነት፣ ፌዴራላዊ ብሪታኒያ፣ ነፃነት። ሦስቱም ይቻላሉ፣ ሦስቱም ዋጋ አላቸው አለ፤ አንዱን ምረጡ አላለም። «ዌልስ አንድ ወር አታድርም» ለሚለው ባልደረባዎ መልሱ ይህ ነው፤ ታድራለች። «ከወጣን ወዲያው ይሻለናል» ለሚለው ደግሞ፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የጠበበ በጀት እንደሚሆኑ የነፃነት ደጋፊ የሆነ ኢኮኖሚስትም አይክድም።

ስለ እርስዎ ጉዳይ ልጨርስ። የመኖሪያ ፈቃድ፣ የስደተኝነት ዕውቅናና ዜግነት የለንደኑ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ የሆም ኦፊስ፣ ሥልጣን ናቸው፤ ሴኔድ በእነሱ ላይ አሁን ምንም የለውም። ነፃነት ቢመጣ ምን እንደሚሆን የሚያመላክት ያለን ቅርብ ሰነድ የስኮትላንዱ የ2013 ዕቅድ ነው። በዚያ ዕቅድ በስኮትላንድ የሚኖር የብሪታኒያ ዜጋ ያለ ማመልከቻ የአዲሲቱ አገር ዜጋ ይሆን ነበር፤ የሌላ አገር ዜጋ ግን ማመልከት ነበረበት። ስለዚህ ለብሪታኒያ ዜግነት ብቁ የሆነ ሰው የዌልስን ነፃነት ፈርቶ የሚያዘገይበት ምክንያት የለውም፤ እንዲያውም ቢፈራ ማፋጠን ነው ያለበት። በሰው ዝውውር በኩል ብሪታኒያና አየርላንድ የጋራ የጉዞ ክልላቸውን ከ1920ዎቹ ጀምሮ በአብዛኛው ጠብቀው ስለኖሩ፣ ለሸቀጥ ፍተሻ ቢመጣም ለሰው ፓስፖርት ቁጥጥር ይመጣል ብዬ አልጠብቅም።

የናሽናል ኢንሹራንስ መዝገብዎ አይጠፋም። ለአዲሱ የመንግሥት ጡረታ ቢያንስ 10 ዓመት፣ ለሙሉው ብዙውን ጊዜ 35 ዓመት የተከፈለበት መዝገብ ይጠየቃል። ድርድሩ የሚሆነው ከፋዩ ለንደን ወይስ ካርዲፍ በሚለው ላይ ነው። የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ገብተው መዝገብዎን ማየትና ክፍተት ካለ አሁን ማስተካከል ከማንኛውም ሕዝበ ውሳኔ ይልቅ ለኪስዎ ይጠቅማል።

ድምፅስ? ብዙ የኛ ሰው የማያውቀው ይህን ነው። በዌልስ በሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ የሚኖር የውጭ ዜጋ፣ ኢትዮጵያዊም ቢሆን፣ ከ2021 ጀምሮ በሴኔድ ምርጫ፣ ከዚያም በአካባቢ ምክር ቤት ምርጫ መምረጥ ይችላል፤ ከ16 ዓመት ጀምሮ። ጥያቄው ገና በመታየት ላይ ያለ ጥገኝነት ጠያቂ አይችልም። ለዌስትሚንስተር ምርጫ የብሪታኒያ፣ የአየርላንድ ወይም የኮመንዌልዝ አገር ዜጋ መሆን ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያ ኮመንዌልዝ ውስጥ የለችም። ለነፃነት ሕዝበ ውሳኔ መራጩ ማን እንደሆነ የሚወስነው ያን ጊዜ የሚወጣው ሕግ ነው። የስኮትላንዱ የ2014 ሕግ ለአውሮፓና ለኮመንዌልዝ ዜጎች ፈቅዶ ለሌላው ዘግቶ ነበር፤ በዌልስ ግን ሕጉን የሚያወጣው ሴኔድ ከሆነ የራሱን ሰፊ የመራጭ ዝርዝር ሊከተል ይችላል።

ከ2026 ጀምሮ የሴኔድ ወንበሮች ከ60 ወደ 96 አድገዋል፤ አገሩ በ16 የምርጫ ክልል ተከፍሎ እያንዳንዱ 6 ሰው ይልካል። ድምፅ የሚሰጡት ለግለሰብ ሳይሆን ለፓርቲ ዝርዝር ወይም ለግል ተወዳዳሪ ነው። የመራጮች ምዝገባ ደብዳቤ ወደ ቤት ሲመጣ «እኔን አይመለከትም» ብለው የሚጥሉት ብዙዎች ናቸው። ዜግነት በሚለው ቦታ ላይ ኢትዮጵያዊ ብለው ሞልተው ይመልሱት። ምዝገባው ከምርጫው ቀን 12 የሥራ ቀን አስቀድሞ ይዘጋል። ለሴኔድና ለአካባቢ ምርጫ ፎቶ ያለበት መታወቂያ አይጠየቅም፤ ለዌስትሚንስተር ምርጫ ግን ይጠየቃል።